ሳሩን ትንሽ ታገሱት

ብርዱ ሸሽቶ ፀሐይዋ ጠንከር ማለት ስትጀምር የዚህ አምድ ደብዳቤም ይበዛል። ዘንድሮም እንደዚያው ነው። ግማሹ «ሳሬ ሞተ» ይላል፣ ግማሹ «ሳሬን ገደልኩት» ይላል። እውነቱን ለመናገር ሁለተኞቹ ለእውነት ይቀርባሉ። የዛሬውን አምድ እንዳለ ለግቢ ሳር ሰጥቼዋለሁ።

ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር። ፀደይ ስል የቀን መቁጠሪያው ላይ ያለውን ቀን ማለቴ አይደለም። ብርዱ አልፎ አፈሩ መሞቅ የጀመረበትን ጊዜ ነው። አየሩ ሦስት ቀን ስለሞቀ አፈሩም ሞቋል ማለት አይደለም፤ አፈር ቀስ ብሎ ይሞቃል፣ ቀስ ብሎም ይበርዳል። ደብዳቤዎቹን ስታነቡ እንደምታዩት፣ አብዛኛው ጣጣ የመጣው ባለቤቱ ከአፈሩ ቀድሞ ስለተነሳ ነው።

ጥያቄ፦ የጎረቤቴ ሳር አረንጓዴ ሆኗል። የእኔ ግን እንደ ገለባ ቢጫ ነው። አጥር ለአጥር ነን፣ የምንሞቀው ያው አንድ ፀሐይ ነው። የእኔ ሞቷል ማለት ነው? ነቅዬ ልጣለው?
ገለባ አስተኝ

መልስ፦ ኧረ አትንቀል! ምናልባት አንተና ጎረቤትህ የተለያየ ሳር ነው ያላችሁ። ሳር በጥቅሉ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ቀዝቃዛ አየር የሚወድ ነው፤ ፌስኪው፣ ራይግራስና ብሉግራስ የሚባሉት እዚህ ይገባሉ። እነዚህ አፈሩ 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ ሥራ ይጀምራሉ። ሁለተኛው ሙቀት ወዳድ ነው፤ ሰርዶና ዞይዢያ የሚባለው ሳር ከዚህ ወገን ናቸው። በብርድ ጊዜ ገለባ መስለው ይተኛሉ፣ አፈሩ ከ15 እስከ 18 ዲግሪ እስኪደርስም በደንብ አይነቁም። የጎረቤትህ ከመጀመሪያው፣ የአንተ ከሁለተኛው ከሆነ የሚያስደነግጥ ነገር የለም። ወር ያህል ልትጠብቅ ትችላለህ።

መሞት አለመሞቱን ለማወቅ እፍኝ ሙሉ ሳር ያዝና ቀስ ብለህ ሳበው። እምቢ ካለህ ሥሩ መሬት ይዟል። ሳትታገለው ተነቅሎ እጅህ ላይ ከቀረ ያ ቦታ ወይ ሞቷል ወይ ከሥር የሚበላው ነገር አለ (እሱን ወደታች ታገኘዋለህ)። ከዚያ አንዱን ከነሥሩ አውጣና ቅጠሉና ሥሩ የሚገናኙበትን ቦታ በጥፍርህ ሰንጥቀህ እየው። ነጭና እርጥብ ከሆነ ተኝቷል። ቡናማ ሆኖ ሲነኩት የሚፈረፈር ከሆነ አልቆለታል።

በረዶ ተኝቶበት የከረመ ሳር ከሆነ ደግሞ ክብ ክብ የሆኑ ግራጫ ወይም ሮዝ ቦታዎች ታይ ይሆናል። ከበረዶ ሥር የሚያድግ ሻጋታ ነው። መድኃኒት አትግዛለት። የተጣበቀውን ቅጠል በሬክ (ጥርስ ባለው መሰብሰቢያ) ቀስ አድርገህ አንሳውና አየር ይግባው፣ አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ያገግማል። ግን መሬቱ ጭቃ ሆኖ ሳለ አትግባበት። ጫማህ እየሰመጠ ከሆነ አፈሩን እየጠቀጠቅከው ነው፤ ያንን ማላላት ደግሞ ከሻጋታው የባሰ ሥራ ነው።

ጥያቄ፦ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ግቢውን የምይዘው እኔ ነኝ። ባለፈው ሳምንት ሳሩን ለመጀመሪያ ጊዜ አጨድኩ። በጣም ካሳጠርኩት ሦስት አራት ሳምንት ያሳርፈኛል ብዬ መሬቱ እስኪታይ ድረስ ወረድኩበት። አሁን ከሳሩ አረሙ በልጧል። ልጄ «አባዬ፣ ላጨኸው እኮ» ትለኛለች። ምን አጠፋሁ?
ጡረተኛው

መልስ፦ አባባ፣ ልጅዎ ልክ ናት።

ሳር ምግቡን የሚሠራው በቅጠሉ ነው። ቅጠሉን ሲያነሱበት ሥሩን ማሳደግ ትቶ ያለውን ጉልበት ሁሉ አዲስ ቅጠል ወደማውጣት ያዞረዋል። በዚያ ላይ መሬቱ ተገልጦ ፀሐይ ሲመታው፣ ለብዙ ጊዜ አፈር ውስጥ ተኝቶ ብርሃን ሲጠብቅ የነበረው የአረም ዘር ይነቃል። የጠበቁት ዕረፍት ሳይሆን ሁለት ሥራ መጣ፦ ሳር ማስታመምና አረም መንቀል።

ደንቡ ቀላል ነው። በአንድ ጊዜ ከቅጠሉ ቁመት ከሲሶው በላይ አይቁረጡ። 9 ሴንቲ ሜትር ከደረሰ ወደ 6 ያውርዱት፣ ከዚያ በታች አይሂዱ። ዝናብ አስቸግሮዎት 15 ከደረሰ መጀመሪያ ወደ 10፣ ከሦስት ከአራት ቀን በኋላ ደግሞ ወደ 7 ያምጡት። የቀዝቃዛ አየር ሳሮች ከ6 እስከ 9 ሴንቲ ሜትር ሲሆኑ ይስማማቸዋል። ሰርዶ ግን አጭር ይወዳል፣ ከ2 ተኩል እስከ 5 ቢሆን ደስተኛ ነው። (ሰርዶ ካለዎት አንድ ልዩ ሁኔታ አለ፤ መንቃት ሲጀምር የደረቀውን ገለባ ለማንሳት አንድ ጊዜ ዝቅ አድርጎ ማጨድ የተለመደ ነው። የእርስዎ ሰርዶ ከሆነ እንዲያውም ያጠፉት ብዙም የለም።)

አሁን ምን ይደረግ? ምንም። የማጨጃ ማሽኑን ስለት ከፍ ያድርጉና ሳሩ ከሚፈለገው ቁመት እስኪያልፍ አይንኩት። ማዳበሪያም አይጨምሩበት፤ የተዳከመን ነገር ማስሮጥ ነው የሚሆነው። አረሙን ዝናብ ከጣለ በኋላ መሬቱ ለስልሶ እያለ በእጅ ይንቀሉት። ሥሩ ረጅም የሆነውን ከላይ መበጠስ ዋጋ የለውም፤ ከሥር የቀረችው ቁራጭ እንደገና ታበቅላለች። በቢላ ወይም በቀጭን መቆፈሪያ እስከታች ይሂዱበት።

የታጨደውን ሳርስ? እዚያው ይተዉት። ብዙ ሰው «ይታፈናል» ብሎ ይሰበስባል። የታጨደ ቅጠል አብዛኛው ውሃ ነው፣ ቶሎ ይበሰብስና ናይትሮጅኑን ለአፈሩ ይመልሳል። ሳሩ በዓመት ከሚፈልገው ማዳበሪያ እስከ ሩብ ያህሉን በዚህ ብቻ ማግኘት ይችላል። የሚሰበሰበው ረዝሞ ተከማችቶ ሲወድቅ ወይም ሳሩ የታመመ ሲሆን ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ማሽኑ አልነሳ አለ። ገመዱን ስስብ ስስብ ክንዴ ዛለ። ባለፈው ዓመት ሳስቀምጠው ደህና ነበር።
ክንዴን

መልስ፦ ውስጡ ቤንዚን ትተህ ነው ያስቀመጥከው አይደል? ለወራት የቆየ ቤንዚን ይበላሻል፣ ካርቡሬተሩ ውስጥም ሙጫ የመሰለ ነገር ይተዋል። አሮጌውን ቅዳና አዲስ ሙላበት። ካንዴላውን ፈትተህ እየው፣ ጥቁር ጥላሸት ከለበሰ አጽዳው ወይም ቀይረው። ፊልትሮውን አራግፍ። ዘይቱን እይ። ከአሥር ማሽን ዘጠኙ እዚህ ላይ ይነሳል ልልህ ነበር ግን አልቆጠርኩም፤ የእኔ በየዓመቱ ይነሳል።

እግረ መንገድህን ላማውን (የሚያጭደውን ስለት) ሳለው። የደነዘዘ ላማ ሳሩን አይቆርጥም፣ ይገነጥለዋል። ካጨድክ ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ ሜዳው ከሩቅ ነጣ ብሎ ከታየህ ጎንበስ ብለህ የቅጠሉን ጫፍ እየው። የተበጣጠሰ ክር ከመሰለ ችግሩ ላማው ነው። በሽታም በዚያው ይገባል። ላማውን ከመንካትህ በፊት ግን የካንዴላውን ገመድ ንቀል፣ የኤሌክትሪክ ከሆነ ባትሪውን አውጣ ወይም ከሶኬቱ ንቀለው። ቀልድ አይደለም፤ ላማውን በእጅ ሲያዞሩት ሞተሩ ሊነሳ ይችላል። በሞረድ ከሳልከው በኋላ መሐሉ ላይ ባለው ቀዳዳ ምስማር ላይ ስቀለው። ወደ አንድ ወገን ካዘነበለ ከከበደው በኩል ትንሽ ሞርድለት፣ አለዚያ ማሽኑ ይንቀጠቀጥብሃል።

ጥያቄ፦ ማዳበሪያ ገዝቼ በእጄ በተንኩ። የልጅነት ትዝታ መጣብኝና ዘር እንደሚዘራ ሰው እየተራመድኩ እፍኝ እፍኝ ነበር የምበትነው። ከአሥር ቀን በኋላ ሳሩ እንደ ሜዳ አህያ ዥንጉርጉር ሆነ። አንዳንዱ መስመር ጥቁር አረንጓዴ፣ አንዳንዱ ቢጫ፣ አንዳንዱ ተቃጥሏል። ባለቤቴ ለሰው ስታሳይ ትስቃለች።
ዥንጉርጉሩ

መልስ፦ ይቅርታ፣ እኔም ስቄያለሁ። ጥቁር አረንጓዴው የበዛለት፣ ቢጫው ያልደረሰው፣ የተቃጠለው ደግሞ እፍኝህ የወደቀበት ነው። ማዳበሪያ ጨው ነው። ሲበዛ ውሃውን ከሥሩ ይስባል፣ ሳሩ ውሃ መሐል ሆኖ ይጠማል።

የተቃጠለውን ቦታ ለጥቂት ቀናት በብዙ ውሃ እጠበው፣ ጨው ወደታች ይውረድ። ከዚያ ሁለት ሦስት ሳምንት ጠብቀህ ያልነቃውን ብቻ እንደገና ዝራው። ቢጫውን ለማመሳሰል ብለህ አሁኑኑ ሌላ ማዳበሪያ እንዳትጨምር። እያጨድክ ስትሄድ ዥንጉርጉሩ ራሱ ይጠፋል።

ለሚቀጥለው ግን ሒሳቡን እንሥራ፤ ብዙ ሰው ከረጢቱ ላይ ያሉትን ሦስት ቁጥሮች አያነብም። ለምሳሌ 20-5-10 ከተባለ የመጀመሪያው ናይትሮጅን ነው፣ ከመቶ 20 እጅ። ሁለተኛው ለፎስፈረስ፣ ሦስተኛው ለፖታሲየም ነው። ሳር በአንድ ጊዜ በካሬ ሜትር 5 ግራም ናይትሮጅን ይበቃዋል፣ ከዚያ አይለፍ። ባለ 20ው ማዳበሪያ ከሆነ 25 ግራም ማለት ነው። ግቢህ 100 ካሬ ሜትር ከሆነ 2 ኪሎ ተኩል፣ አለቀ። ዩሪያ ግን 46 ነው። እዚያ ላይ በካሬ ሜትር 11 ግራም ገደማ ብቻ ነው የሚያስፈልግህ፤ እፍኝ እያሉ ዩሪያ መበተን ሳሩ ላይ እሳት መልቀቅ ነው።

የመዘንከውን ለሁለት ክፈለው። ግማሹን ወደ ርዝመቱ እየሄድክ፣ ግማሹን ወደ ጎኑ እየሄድክ በትን። የሚገፋ መበተኛ ካገኘህ እጅህን አሳርፈው። ሳሩ ደረቅ ሲሆን በትነህ ከዚያ ውሃ አጠጣው። ኃይለኛ ዝናብ ሊመጣ ሲል አትበትን፤ ታጥቦ ወደ ቦዩ ይሄድና ወንዝ ይበክላል። የእግረኛ መንገዱ ላይ የወደቀውንም ጠርገህ ወደ ሳሩ መልሰው።

መቼ? እዚህ ላይ ጠበቅ ያለ አቋም አለኝ። የቀዝቃዛ አየር ሳር ካለህ በፀደይ መጀመሪያ ላይ ብዙ ናይትሮጅን አትስጠው። ቅጠሉ ይፈነዳል፣ ሥሩ ወደኋላ ይቀራል፣ ሙቀቱ ሲመጣ ደግሞ ያ ሁሉ ቅጠል ውሃ የሚያመጣለት ሥር አያገኝም። አንተም በሳምንት ሁለቴ ማጨድ ትጀምራለህ። ዋናው ምግቡ ሙቀቱ ከበረደ በኋላ ይሁን፣ በፀደይ ግፋ ቢል ትንሽ ብቻ፣ ያውም ዘግይቶ። ሙቀት ወዳዱን ደግሞ ሙሉ በሙሉ አረንጓዴ እስኪሆን ጠብቀው። ተኝቶ እያለ ብታበላው የሚበላው አረሙ ነው።

ጥያቄ፦ ሳሬ መሐል ራሰ በራ ቦታዎች ነበሩ። ቅዳሜ ዘር ዘራሁ። እሑድ ደግሞ አረም እንዳይበቅል የሚከላከል መድኃኒት ረጨሁ፣ ሁለቱንም አንድ ላይ ልገላገል ብዬ። አምስት ሳምንት ሆነው። አረም የለም፣ ሳርም የለም።
ሁለቱንም ያጣችው

መልስ፦ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የተባለው ለዚህ ነው። እህቴ፣ ያ መድኃኒት ማንበብ አይችልም። ከመብቀል በፊት የሚረጭ ፀረ አረም የሚያደርገው የበቀለውን ዘር ገና በጨቅላነቱ ማስቀረት ነው። የአረም ዘር ይሁን አንቺ የገዛሽው ውድ የሳር ዘር ለእሱ ያው ነው።

በየዓመቱ ከዘር የሚነሳው የሳር አረም አፈሩ ለተከታታይ ቀናት 13 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን መብቀል ይጀምራል። ስለዚህ መድኃኒቱ ከዚያ በፊት መረጨት አለበት። የአንቺም ዘር የሚበቅለው በዚሁ ሙቀት አካባቢ ነው። ሁለቱን በአንድ ፀደይ፣ በአንድ ቦታ ማግኘት አይቻልም፤ አንዱን ምረጪ። ሜዳው በአብዛኛው ደህና ሆኖ አረም የሚያስቸግርሽ ከሆነ መድኃኒቱ፣ ባዶ ቦታው ከበዛ ዘሩ። (ለአዲስ ዘር ተብለው የተሠሩ ጥቂት ዓይነቶች አሉ፣ መለያው ላይ በግልጽ ተጽፎ ካላየሽ ግን የለም ብለሽ ቁጠሪው።)

አሁን የረጨሽው መድኃኒት እንደ ዓይነቱ ለወራት አፈር ውስጥ ሊቆይ ይችላል። ጀርባው ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቢ፣ ስንት ሳምንት ጠብቀሽ መዝራት እንደምትችዪ ተጽፏል። መታገስ ካቃተሽ ራሰ በራው ቦታ ላይ ያለውን አፈር ጥቂት ሴንቲ ሜትር አንስተሽ በንጹህ አፈር ተኪና እዚያ ዝሪ። ወይ ደግሞ ከግቢው ጥግ ከማይታይ ቦታ ቁራጭ ሳር ከነአፈሩ ቆርጠሽ አምጪና ግጠሚው።

ስትዘሪ ዘሩ አፈር መንካት አለበት። ደረቅ ገለባ ላይ የተበተነ ዘር የወፍ ምግብ ነው። መሬቱን አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ጫር ጫር አድርጊ፣ ዝሪ፣ በቀስታ አልብሺ፣ በእግርሽ ጫን ጫን በዪው። እስኪበቅል ድረስ ከላይ እንዳይደርቅ በቀን ሁለት ሦስቴ ትንሽ ትንሽ ውሃ አርከፍክፊበት። ራይግራስ ከ5 እስከ 10 ቀን፣ ፌስኪው ከ7 እስከ 14 ቀን ይወስድበታል። ብሉግራስ ግን ከ14 እስከ 30 ቀን ስለሚፈጅ በሁለተኛው ሳምንት ተስፋ ቆርጠሽ እንዳትቆፍሪው። አዲሱ ሳር ሦስት አራት ጊዜ እስኪታጨድም ምንም ዓይነት ፀረ አረም አይንካው።

እውነት ለመናገር ግን ቀዝቃዛ አየር ወዳድ ሳር ከሆነ ለመዝራት ከፀደይ ይልቅ ሙቀቱ ማብቂያ ላይ ያለው ጊዜ ይሻላል። አፈሩ ገና ሞቃት ነው፣ አየሩ ቀዝቅዟል፣ አረሙም ደክሟል።

ጥያቄ፦ ከዛፉ ሥር ያለው ቦታ በሙሉ አረንጓዴ ስፖንጅ በመሰለ ነገር ተሸፍኗል። በየዓመቱ እነቅለዋለሁ፣ በየዓመቱ ይመለሳል።
ከዛፉ ሥር

መልስ፦ ሞስ የሚባለው ነው። ሳሩን ያባረረው እሱ አይደለም። ሳሩ ጥላውን አልችል ብሎ ሲሄድ ባዶ ቤት አግኝቶ ገባ። አይረን ሰልፌት የሚባለውን የብረት ጨው ብትረጭበት በቀናት ውስጥ ይጠቁራል፣ ከዚያ በሬክ ትሰበስበዋለህ (ኮንክሪት ላይ ከነካ የዝገት ምልክት ይተዋል፣ ተጠንቀቅ)። ግን ጥላው፣ እርጥበቱና የተጠቀጠቀው አፈር እስካሉ ድረስ በሚቀጥለው ዓመትም ትጽፍልኛለህ።

የዛፉን የታች ቅርንጫፎች አንሳና ብርሃን አስገባ። ጥላ ከሚችሉት ውስጥ ቀጭን ቅጠል ያላቸው የፌስኪው ዓይነቶች ይሻላሉ፤ እነሱም ቢሆኑ በቀን ጥቂት ሰዓት ብርሃን ይፈልጋሉ። ኖራ ጨምርበት የሚልህ ሰው አይጠፋም። መጀመሪያ አፈሩን አስመርምር። ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው) ከ6 እስከ 7 መሐል ከሆነ ኖራው ምንም አይጨምርልህም። ይህ ሁሉ ካልሆነ ደግሞ ሞሱን ተወው። አይታጨድ፣ ማዳበሪያ አይጠይቅ፣ ለእግር ለስላሳ ነው። እኔ በበኩሌ ትቼዋለሁ።

ጥያቄ፦ ውሻዬ ሴት ናት። የምትሸናበት ቦታ ሁሉ መሐሉ ይቃጠላል፣ ዙሪያው ግን ከሌላው ሳር በላይ ይለመልማል። የሽንቷን አሲድ የሚቀንስ እንክብል አለ አሉኝ፣ ልስጣት?
የውሻዋ እናት

መልስ፦ አትስጪያት። ችግሩ አሲድ አይደለም፣ ናይትሮጅን ነው። የዥንጉርጉሩን ደብዳቤ ከላይ አንብበሽ ከሆነ ያው ነው፤ መሐሉ በዝቶበት ተቃጠለ፣ ዳር ዳሩ ልክ ልኩን አገኘ። ሴት ውሻ ቁጭ ብላ አንድ ቦታ ስለምታፈስ ነው የባሰ የሚታየው። የሽንትን ፒኤች ያለ እንስሳት ሐኪም መነካካት ደግሞ ፊኛዋ ውስጥ ጠጠር ሊያመጣባት ይችላል።

እንደሸናች ቦታው ላይ አንድ ባልዲ ውሃ ድፊበት። ቶሎ ከሆነ ጭራሽ ማዳበሪያ ሆኖ ያርፋል። ካልደረስሽበት ደግሞ የሞተውን ጥረጊ፣ በውሃ አጥቢ፣ አዲስ አፈር ጨምረሽ ዝሪ። በብርዱ ወራት የተጠራቀመው ሁሉ አንድ ላይ የሚታየው ፀደይ ላይ ስለሆነ ዘንድሮ የባሰባት አይምሰልሽ።

ጥያቄ፦ በየቀኑ ማታ አሥር ደቂቃ ውሃ አጠጣለሁ። ይበቃል?
ጎማ ያዥ

መልስ፦ ይበዛልም ያንሳልም። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ሲያገኝ ሥሩ ከላይ ይቀራል፤ ታች ምን ሊፈልግ ይወርዳል? ማታ ካጠጣኸው ደግሞ ቅጠሉ ሌሊቱን ሙሉ እርጥብ ሆኖ ያድራል፣ ሻጋታ የሚወደውም ይህንን ነው። ማለዳ አድርገው።

በእድገት ላይ ያለ ሳር በሳምንት 25 ሚሊ ሜትር ያህል ውሃ ይበቃዋል፣ ዝናቡን ጨምሮ። አንድ ሚሊ ሜትር ማለት በካሬ ሜትር አንድ ሊትር ነው። ጎኑ ቀጥ ያለ ባዶ ጣሳ ሦስት አራት ቦታ አስቀምጥና ውሃ መርጫውን ክፈት፣ ጣሳው ውስጥ 12 ሚሊ ሜትር ለመሙላት ስንት ደቂቃ እንደፈጀ እይ። ያንን በሳምንት ሁለት ጊዜ። በፀደይ ግን ብዙ ቦታ ዝናቡ ራሱ ይበቃል። ሳሩ ሲጠማው ይናገራል፤ ቀለሙ ወደ ሰማያዊ ግራጫ ይሄዳል፣ ስትረግጠውም ቶሎ ቀና አይልም። እስከዚያ ጎማውን ጠቅልለህ አስቀምጠው።

ጥያቄ፦ ወፎች መጥተው ሳሩን እየቆፈሩ ገለበጡት። ከሥሩ ነጭ ወፍራም ትል አየሁ። በሌላ በኩል ደግሞ ትንንሽ የጭቃ ክምሮች ሞልተዋል። ሁለቱም ትል ነው አሉኝ፣ አንድ መድኃኒት ይበቃቸዋል?
ትል ያየሁት

መልስ፦ ሁለቱን አታምታታ። የጭቃ ክምሩን የሚሠራው የመሬት ትል ነው፣ እሱ ወዳጅህ ነው። አፈሩን በነፃ ያርስልሃል። ክምሩ ሲደርቅ በመጥረጊያ በትነው፣ አለቀ።

ነጩ ግን የጥንዚዛ እጭ ነው፤ ጭንቅላቱ ቡናማ ነው፣ ሲነኩት ክብ ሆኖ ይጠቀለላል። ሥር ይበላል። 30 በ30 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቦታ በሦስት ጎኑ ቁረጥና እንደ ምንጣፍ ገልጠህ ቁጠር። ሦስት አራት ከሆነ ጤነኛ ሳር ይችለዋል። አሥርና ከዚያ በላይ ከሆነ ያሳስባል። ሆኖም በፀደይ የምታየው እጭ ያደገ፣ መብላቱን ሊጨርስ የተቃረበ፣ መድኃኒትም በቀላሉ የማይጥለው ነው። ገንዘብህን አታባክን። መድኃኒት የሚሠራው ከወራት በኋላ እንቁላሉ ተፈልፍሎ እጩ ገና ትንሽ ሳለ ነው። ለአሁኑ የተገለጠውን መልሰህ ጫንና ውሃ አጠጣው። ወፎቹንም ተዋቸው፣ እየሠሩልህ ነው።

ጥያቄ፦ መሬቱ ደንዳና ሆኗል፣ ውሃ ከላይ ይቆማል። ጫማ ላይ የሚታሰር ምስማር አለ፣ እየተራመዱ መሬቱን የሚበሱበት። ጥሩ ነው?
ደንዳናው

መልስ፦ ለእግር እንቅስቃሴ ጥሩ ነው። ምስማር አፈሩን ወደ ጎን ይገፋዋል እንጂ አያወጣውም፣ ቀዳዳው ዙሪያውን እንዲያውም የባሰ ይጠቀጠቃል። የሚጠቅመው አፈሩን እንደ ጣት እየመዘዘ የሚያወጣ፣ ውስጡ ክፍት የሆነ መብሻ ያለው ማሽን ነው። ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ይገባል፣ የወጣውን አፈር እዚያው ትተወዋለህ፣ ራሱ ይፈርሳል። ለቀዝቃዛ አየር ሳር ሙቀቱ ሲበርድ ይሻላል፣ ካልሆነ በፀደይ መጀመሪያ። ሙቀት ወዳድ ከሆነ በደንብ ነቅቶ መሮጥ ሲጀምር።

በእርግጥ ደንዳና መሆኑን ለማወቅ ካቻቢቴ ውሰድና እርጥብ አፈር ላይ በእጅህ ግፋው። 10 ሴንቲ ሜትር ያለችግር ከገባ አፈርህ ጤነኛ ነው፣ የውሃው መቆም ሌላ ምክንያት አለው፤ ምናልባት ቦታው ዝቅ ብሎ ይሆናል።

ጥያቄ፦ ሳሩ መሐል ማገጥ (ክሎቨር የሚሉት ባለ ሦስት ቅጠሉ) ገብቶብኛል። ሰው ሁሉ አረም ነው አጥፊው ይለኛል። እኔ ግን ወደድኩት። ተሳሳትኩ?
ማገጥ ወዳዷ

መልስ፦ ኧረ በጭራሽ። ማገጥ ናይትሮጅንን ከአየር ወስዶ ለአፈሩ ይሰጣል፣ ሳሩም ከዚያ ይካፈላል። ሳሩ ሲደርቅ እሱ አረንጓዴ ሆኖ ይቆያል። ቅጠለ ሰፊ አረም የሚገድል መድኃኒት ግን አብሮ ስለሚገድለው ያንን ተዪው። አንድ ነገር ብቻ፦ ሲያብብ ንብ ይመጣል፣ ልጆች ባዶ እግራቸውን የሚሮጡበት ከሆነ አበባው ሳይበዛ እጨጂው።